ከክፍል በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው?

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የማያውቅ የአምቦ ሰው የለም። ነሐሴ 1928 ዓ.ም እዚሁ አጠገባችን ቦዳ ተወለደ፤ ከብት ጠብቋል፣ ግዕዝም ተምሯል። ስሙ ሲነሣ ሁላችንም «ሀሁ በስድስት ወር»ን እንጠራለን፤ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» በአማርኛ ያሰማን እሱ መሆኑንም እናወሳለን። እኔን ግን የሚገርመኝ የልጅነት ሥራው ነው።

አምቦ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር «ንጉሥ ዳዮኒሲየስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተባለ ቴያትር ጻፈ። ቴያትሩ ለመድረክ ሲበቃ ከተመልካቾቹ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የንጉሥን ታሪክ ንጉሥ ፊት ማሳየት! ድፍረት ይሁን የዋህነት፣ እንጃ።

እህቶቼ፣ የተማሪዎች ቴያትር በክፍል ሰዓት ብቻ ተለማምደውት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቃል ይጠናል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ጓደኛ ሲረሳ በሹክሹክታ ይነገረዋል፣ ከየቤቱ ጋቢና ነጠላ ይለመናል። ደብተር ላይ የተጻፈውን መምህር ብቻ ያያል፤ መድረክ ላይ የተባለውን ግን ሕዝብ ይስቅበታል ወይም ዝም ይለዋል። ልጅ ቃሉ ሰው ዘንድ መድረስ አለመድረሱን እዚያ ያውቃል። ጸጋዬ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ሕግ ተማረ፤ የተመለሰው ግን ወደ ቴያትር ነው። በ29 ዓመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል ከእሱ በዕድሜ ያነሰ ተሸላሚ አልነበረም።

ሴቶቹስ? በአገራችን ቴያትር መጀመሪያ ዘመን የሴቷን ቦታ እንኳ የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር። ያ አልፏል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ የሴት ተማሪዎች ክበብ አለ፤ በሩም ለልጃገረዶች አልተዘጋም። ደወል ሲደወል ግን ወንዱ ወደ ኳስ ሜዳ ወይም ወደ ክበብ ይሄዳል፤ ሴቷን ጀሪካንና ያልታጠበ ድስት ይጠብቃታል። ጠሪዋ ደግሞ አባት ብቻ አይደለም፤ እኛ እናቶች ነን።

እኔ ቤት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ውሃ የሚቀዳው ወንድሟ ነው። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አሁን ለምዶታል። እሷ በእነዚያ ቀናት ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ታነባለች። ማታ ማታ ምጣድ አጠገብ ቆማ ስትለማመድ እሰማታለሁ።