የፊደል ገበታው አንድ አዳማጭ

በቢቸና አቅራቢያ እንዳለው ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የጎጃም ደብሮች ፊደል የሚቆጥር ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲል፣ የኔታ ከመደባቸው ሳይነሡ ያደምጣሉ። ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ መምህር የመደበ የአብነት ትምህርት ቤት የለም። በድረ ገጽ ላይ የፊደል ገበታ የሚሠሩ ጀማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት በሰባት ዘርዝረው፣ 231 ቁልፎች ደርድረው፣ በየቁልፉ ላይ ጠቅታ የሚጠብቅ አዳማጭ ይተክላሉ። ገበታው ይሠራል። ጉዱ የሚታየው ኋላ የ«ቨ» ዘር ሲጨመር ነው፤ አዲሶቹ ሰባት ቁልፎች አዳማጭ ስለሌላቸው ቢነኳቸው ጭጭ ይላሉ።

መላው ያለው ጠቅታ በገጹ ውስጥ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ብሬንዳን አይክ ጃቫስክሪፕትን በኔትስኬፕ ኩባንያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ተፎካካሪ ብራውዘሮች በጠቅታ ጉዞ ላይ ተለያዩ፤ በኔትስኬፕ ጠቅታው ከሰነዱ ራስ ጀምሮ ወደ ተነካው ነገር ቁልቁል ይወርዳል፣ በማይክሮሶፍት ደግሞ ከተነካው ነገር ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱን አስታረቀ፦ መጀመሪያ መውረድ፣ ከዚያ መውጣት። በዓባይ ሸለቆ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ መንገደኛ ይህ ጉዞ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ ጠቅታ የሚመለሰው በወረደበት ዳገት መሆኑ ነው። አድ ኢቨንት ሊስነር በተባለው ትእዛዝ የተተከለ አዳማጭ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ጠቅታውን የሚቀበለው ሲወጣ ነው።

ስለዚህ አንድ አዳማጭ በገበታው ላይ መትከል ይበቃል። ተጠቃሚው «ሞጣ» ብሎ ሊጽፍ «ሞ»ን ሲነካ ጠቅታው ከቁልፉ ወደ ረድፉ፣ ከረድፉ ወደ ገበታው ይወጣል። ከጠቅታው ጋር ከሚመጡት መረጃዎች ታርጌት የተነካውን ነገር፣ ከረንት ታርጌት ደግሞ አዳማጩ ያለበትን ገበታ ይናገራል፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። በቁልፉ ውስጥ የድምፅ ማጉያ ሥዕል ካለና ጣት ያረፈው እሱ ላይ ከሆነ፣ ታርጌት ሥዕሉ ይሆናል፤ ያኔ ክሎዘስት የተባለው ትእዛዝ ወላጅ ቁልፉን ፈልጎ ያመጣል። ቀሪው ሒሳብ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ ቁጥር ወደሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ሲገባ በስምንት በስምንት ቦታ ተደልድሏል፦ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616። «መ» 4632 ስለሆነ ሳብዑ «ሞ» 4638 ነው፤ «ጠ» 4896 ስለሆነ ራብዑ «ጣ» 4899። የፊደሉ ግዕዝና በረድፉ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር ከታወቁ አዳማጩ ሌላውን ደምሮ ይደርስበታል።

ይህን መንገድ የሚቆርጥ ትእዛዝም አለ፤ ስቶፕ ፕሮፓጌሽን ይባላል። ጠቅታው ትእዛዙ ከተሰጠበት ደረጃ በላይ እንዳይወጣ ያግደዋል። ጀማሪ አንድ ችግር ለማፈን ይጠቀምበትና፣ ውጭው ሲነካ መዘጋት የነበረበት ሜኑ ተከፍቶ ይቀራል። የጎጃሟን ሞጣ ከጎንደር ወገን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባለው ይህ የዓባይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ የጠላትን መንገድ ለመዝጋት ተቆረጠ፤ ጠላት ከወጣ በኋላ ግን የአካባቢው ሰው ለአሥርተ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ስቶፕ ፕሮፓጌሽንን የሚጽፍ ሰው ከበላይ ማን እንደሚጠብቅ ሳያይ ባይጽፈው ይሻላል።

ሌላው በብዙ ገጾች የሚታየው ድክመት ቁልፉን ዲቭ በተባለው መለያ መሥራት ነው። ዲቭ ባዶ ሣጥን ነው፤ ለማውዝ ይታዘዛል፣ ታብ ግን አይደርስበትም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራምም ቁልፍ መሆኑን አያውቅም። በተን የተባለው መለያ ይህን ሁሉ ያለ ተጨማሪ ኮድ ያሟላል። ገበታ የሠራ ሰው ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት ማውዙን ወደ ጎን አስቀምጦ፣ በታብና በኢንተር ብቻ «ሞጣ» ብሎ ለመጻፍ ይሞክር።