የራዲዮ ዘበኛ፤ ከታይታኒክ እስከ መቀስቀሻ መቀበያ

በገመድ አልባ መገናኛ ኃይል የሚፈጀው ማስተላለፍ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለታላላቅ የራዲዮ ጣቢያዎች እውነት ነው። በትንሽ ባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በቀን ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ የሚናገር መሣሪያ የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው ጥሪ ይመጣ እንደሆነ በማዳመጥ ነው፤ ስለዚህ ባትሪውን የሚጨርሰው ንግግሩ ሳይሆን ጥበቃው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ችግር ለማቃለል የተደረገውን ጥረት ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ አስቀድሞ ጎልቶ የታየው በባትሪ ሳይሆን በሰው ድካም ነበር። ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ስትጋጭ፣ ካሊፎርንያን የተባለች መርከብ በበረዶ ተከባ ብዙም ሳትርቅ ቆማ ነበር። ብቸኛው የራዲዮ ሠራተኛዋ ሲሪል ኢቫንስ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ለግጭቱ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። የድረሱልን ጥሪው በአየር ላይ ነበረ፤ ሊሰማው የሚችለው ጆሮ ግን አልነቃም። በዚያ ሌሊት ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ።

በ1914 ለንደን ላይ የተፈረመው የባሕር ደኅንነት ስምምነት በርካታ ሰው የሚጭኑ መርከቦች የራዲዮ ጥበቃቸውን ሌት ተቀን እንዳያቋርጡ ደነገገ። ይሁን እንጂ በየመርከቡ ተጨማሪ ሠራተኞች መቅጠር ከባድ ወጪ ነበር። በ1927 በዋሽንግተን የተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮቴሌግራፍ ጉባኤ መፍትሔ የሚሆን የማንቂያ ምልክት ወሰነ። ምልክቱ እያንዳንዳቸው 4 ሴኮንድ የሚቆዩ፣ በመካከላቸው የ1 ሴኮንድ ዝምታ ያለባቸው 12 ረጃጅም ድምፆች ናቸው። አውቶማቲክ መቀበያው መልእክት አይተረጉምም፤ ከእነዚህ ድምፆች ጥቂቱን በተከታታይ ሲሰማ ደወል ደውሎ ሠራተኛውን ይቀሰቅሳል። የድምፆቹ መርዘም ከመብረቅ ጩኸትና ከተራው የሞርስ ንግግር ጋር እንዳይምታቱ ይረዳል።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሩ ላይ ዘበኛ ያቆመ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ አያድርም። ዘበኛውም የቤቱን ሥራ ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያንኳኳውን ለይቶ ባለቤቱን መቀስቀስ ይበቃዋል።

የመርከቡ ማንቂያ ያዳነው የሰውን እንቅልፍ እንጂ የኤሌክትሪክ ኃይልን አልነበረም። የኃይሉ ቁጠባ በፔጀር መጣ። በብሪታንያ ፖስታ ቤት መሪነት ተዘጋጅቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ፖክሳግ የተባለው ደንብ፣ ስርጭቱ በ576 ተፈራራቂ ቢቶች እንዲከፈት ያዛል። ይህ በሴኮንድ በ512 ቢት ፍጥነት ከ1 ሴኮንድ ጥቂት ይበልጣል፤ ፔጀሩም አልፎ አልፎ ለቅጽበት ነቅቶ ይህን መክፈቻ ካልሰማ ተመልሶ ይተኛል። ከሰማም በኋላ ከ8ቱ ክፍሎች የራሱ ተራ የሆነውን ብቻ ያዳምጣል።

በ2002 ዌይ ዬ፣ ጆን ሃይደማንና ዴቦራ ኤስትሪን ይህን የመተኛትና የመንቃት ሥርዓት ለሴንሰር መረቦች እንዲስማማ አድርገው ኤስማክ በሚል ስም አቀረቡ። ሥርዓቱ ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ እንቅልፉ ሲረዝም መልእክቱ ይዘገያል፣ ሲያጥር ባትሪው ያልቃል። ለምሳሌ 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዙ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ የተገጠሙለት፣ ሲያዳምጥ 20 ሚሊአምፔር የሚወስድ ራዲዮ ያለ እረፍት ቢያዳምጥ ከ125 ሰዓት፣ ማለት ከአምስት ቀን ጥቂት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ይዘጋል።

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የመርከቡ ሐሳብ ተመልሶ መጣ፦ ዋናው ራዲዮ ይተኛ፣ በአጠገቡ እጅግ ጥቂት ኃይል የሚወስድ ዘበኛ መቀበያ ይንቃ። በመቀበያ ውስጥ ብዙ ኃይል ከሚወስዱት ክፍሎች አንዱ ትክክለኛ ድግግሞሽ የሚያመነጨው ነው። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ናታን ፕሌቸርና ባልደረቦቹ በ2008 ይህን ትክክለኛነት ትተው፣ ድግግሞሹ ሊዋዥቅ በሚችል ቀላል አመንጪ የሚሠራ 52 ማይክሮዋት ብቻ የሚወስድ የ2 ጊጋኸርትዝ መቀበያ አቀረቡ። ከላይ የተጠቀሱት ባትሪዎች በሒሳብ ደረጃ ይህን መቀበያ ከ16 ዓመት በላይ ያኖሩታል፤ ባትሪው ራሱ ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም። በ2021 የጸደቀው 802.11 ቢኤ የተባለው ደንብም ይኸንኑ ሐሳብ ወደ ዋይፋይ አስገብቶታል።

ዋጋው የጆሮ መደንቆር ነው። የበርክሌዩ መቀበያ የሚሰማው እስከ 72 ዲቢኤም ከዜሮ በታች ሲሆን፣ የተለመዱ የሴንሰር ራዲዮዎች እስከ 95 ድረስ ይሰማሉ፤ ልዩነቱ በኃይል 200 እጥፍ ያህል ነው። ደግሞም ዘበኛው በሐሰት ከተታለለ ዋናው ራዲዮ በከንቱ እየነቃ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ክፉ ሰው ይህን ሆን ብሎ ሊያደርገው ይችላል።

ከመንገድ ርቆ የተተከለ የውኃ ከፍታ መለኪያን ባትሪ ለመለወጥ የቀናት ጉዞ በሚጠይቅበት አገር ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስለሆነም መሣሪያ ስንመርጥ ሲናገር የሚወስደውን ኃይል ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎ ሲጠብቅ የሚወስደውንም እንጠይቅ፤ የ1912ቱ ሌሊት እንዳስተማረን፣ ጥበቃን ያላሰበ መገናኛ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተኝቶ ይገኛልና።