ዘረመል ማስረጽ

በላቦራቶሪ ቋንቋ «ጄኔቲክ ትራንስፎርሜሽን» የሚባለውን ብዙ ጊዜ «የዘረመል ለውጥ» ብለን እናልፈዋለን። ለውጥ ግን ማንም ሳይነካው በተፈጥሮም ይመጣል። «ማዳቀል» እንዳንለው፣ እሱ የዘመዳሞች ጋብቻ ነው፤ ጽጌረዳ ከጽጌረዳ እንጂ ከበቆሎ አይዳቀልም። እዚህ የሚደረገው ከሌላ ፍጥረት የተወሰደ ዘረመል በአበባ ተክል ሕዋስ ገብቶ እንዲቀርና ወደ ልጆቹም እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ «ዘረመል ማስረጽ» እንበለው። ሰረጸ ማለት ውስጥ ድረስ ዘለቀ ነው፤ በግእዝ ደግሞ በቀለ፣ አቆጠቆጠ ማለት ስለሆነ ለአበባ ነገር የተመቸ ነው።

አስራጹ አብዛኛውን ጊዜ አግሮባክቴሪየም የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። በተፈጥሮው የራሱን ዘረመል ተክል ውስጥ አስገብቶ እባጭ ያበቅላል። ተመራማሪዎች እባጩን የሚያመጣውን ያራግፉና የፈለጉትን ይጭኑበታል፤ በቅሎው ያው ነው፣ ጭነቱ ተለወጠ።

ፔቱንያ የተባለችው የበረንዳ አበባ በራሷ ብርቱካንማ አታወጣም፤ ከቀለም ሠሪ ኢንዛይሞቿ አንዱ ለዚህ ቀለም የሚሆነውን ጥሬ ነገር አይቀበልም። የበቆሎው ኢንዛይም ግን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1987 በጀርመን ኮሎኝ የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የበቆሎውን ዘረመል ቢያሰርጹባት እንደ ጡብ የቀላ አበባ አወጣች። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ፊንላንድ ውስጥ የሚሸጡ ብርቱካንማ ፔቱንያዎች የበቆሎ ዘረመል ተገኘባቸው። ፈቃድ አልነበራቸውምና በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ተሰበሰቡ። እስከዚያ ድረስ ገዢው ውሃ እያጠጣ ያደንቃቸው ነበር።

«ማሻሻል» የሚለውን ቃል ከስያሜው ያስቀረሁትም አበባው ሁልጊዜ ስለማይታዘዝ ነው። በ1990 ይፋ በሆነ ሥራ፣ ሐምራዊነታቸው እንዲደምቅ የቀለም ዘረመል ከተጨመረላቸው ፔቱንያዎች ከፊሎቹ ነጭ ሆነው ቁጭ አሉ። ተክሉ መጤውንም የራሱንም ዘረመል ጸጥ አሰኝቷቸው ነበር።

ጽጌረዳም ዴልፊኒዲን የተባለውን ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ውህድ መሥራት አትችልም። የጃፓኑ ሰንቶሪ ኩባንያ ከአንድ የአውስትራሊያ ድርጅት ጋር ሆኖ ከፓንሲ አበባ የተወሰደ ዘረመል አሰረጸባት፤ በ2009 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበች። ስሟ ሰማያዊ ጽጌረዳ ነው፤ መልኳ ግን ወደ ፈዛዛ ሐምራዊ ያደላል።