የሞተር ሳይክል የታይሚንግ ካቴና ማወጠሪያ መቼ ይለወጣል?

ሞተር ሳይክል በከተማም ሆነ በገጠር ለበርካታ ዜጎች መጓጓዣና የዕለት ገቢ ማግኛ ሆኖ ያገለግላል። ባለንብረቱን ላልታሰበ ከፍተኛ ወጪ ከሚዳርጉ ብልሽቶች አንዱ የሚመነጨው በሞተሩ ላይ ከሚገኝ አነስተኛ ክፍል፣ ማለትም ከታይሚንግ ካቴና ማወጠሪያ እርጅና ነው። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች በመካኒኮች ዘንድ ቴንሽነር በመባል የሚታወቀው ይህ ዕቃ የሚለወጥበትን ጊዜ በግምት ሳይሆን በምልክትና በምርመራ ላይ ተመሥርተው እንዲወስኑ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

የማወጠሪያው ተግባር

ታይሚንግ ካቴና የኋላ ጎማን ከሚያዞረው ካቴና የተለየ ነው። በሞተሩ ውስጥ ሆኖ ክራንክሻፍትን ከካምሻፍት ጋር ያገናኛል። ክራንክሻፍቱ 2 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ 1 ጊዜ እንዲዞር በማድረግ ቫልቮቹ ከፒስተኑ እንቅስቃሴ ጋር ተናበው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያስችላል። ካቴናው ከአገልግሎት ብዛት መጋጠሚያዎቹ ስለሚበሉ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ማወጠሪያው በካቴናው የላላ ጎን ያለውን መሪ በመግፋት ይህን ርዝመት ያካክሳል።

ማወጠሪያዎች በአሠራራቸው በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በብሎን በእጅ የሚስተካከል፣ ሁለተኛው በሞላ ኃይል ራሱን የሚያስተካክል፣ ሦስተኛው ደግሞ በሞተር ዘይት ግፊት የሚሠራ ነው።

ማወጠሪያ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች

ማንኛውም ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ሞተሩ ይህ ክፍል ያለው መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል። ባለ 2 ስትሮክ ሞተሮችና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተር ሳይክሎች ታይሚንግ ካቴና የላቸውም። ከባለ 4 ስትሮክ ሞተሮችም መካከል የሆንዳ ሲጂ 125 ንድፍን የተከተሉት ቫልቮችን የሚከፍቱት በግፊት ዘንግ በመሆኑ ታይሚንግ ካቴናም ማወጠሪያም የላቸውም። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ለሚሰማ ድምፅ ማወጠሪያ እንዲገዛ የሚሰጥ ምክር ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

የእርጅና ምልክቶች

ዋነኛው ምልክት ከሲሊንደሩ ጎን፣ ካቴናው በሚያልፍበት በኩል የሚሰማ የመንኮሻኮሽ ድምፅ ነው። ድምፁ ብዙውን ጊዜ በሚኒሞ ሲሠራ ወይም ጋዝ ተሰጥቶ በሚለቀቅበት ቅጽበት ጎልቶ ይሰማል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ፣ በተለይ በዘይት ግፊት በሚሠሩ ማወጠሪያዎች ላይ፣ ዘይቱ እስኪደርስ የሚፈጠር ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ለመለወጥ በቂ ምክንያት አይደለም። የድምፁ ቆይታ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየረዘመ ከሄደ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ምርመራው ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ አይገባም።

በተመሳሳይ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ቀለል ያለና ወጥ የሆነ የመንቋቋት ድምፅ ያሰማል። ሁለቱ በቀላሉ ስለሚምታቱ የቫልቭ ክፍተት አስቀድሞ መለካቱ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. በቅድሚያ የሞተር ዘይት መጠንና ንጽሕና ይታያል። ዘይት ያነሰ ወይም የመቀየሪያ ጊዜው ያለፈ ከሆነ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ተሟልቶ ወይም ተቀይሮ ድምፁ እንደገና ይደመጣል።

2. ማወጠሪያው በእጅ የሚስተካከል ከሆነ በመመሪያው መሠረት ይስተካከላል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ድምፁን ቢያጠፋም ካቴናውንና መሪዎቹን በፍጥነት ይበላል።

3. ድምፁ ከቀጠለ ማወጠሪያው በሠለጠነ ባለሙያ ተፈትቶ ይታያል። በሞላ የሚሠራና ጥርስ ያለው ማወጠሪያ ከሆነ የወጣው ጫፍ በጣት ሲጫን ወደ ውስጥ መመለስ የለበትም። ከተመለሰ፣ በእንቅስቃሴው መሐል ከያዘ ወይም ሞላው ከተሰበረ ማወጠሪያው ይለወጣል።

4. ጫፉ ምን ያህል እንደወጣ ይታያል። ማወጠሪያው ደኅና ሆኖ ጫፉ እስከ መጨረሻው ከወጣ ችግሩ ያለው በረዘመው ካቴና ወይም በተበላው መሪ ላይ ነው።

ማወጠሪያው ብቻ ወይስ ካቴናውም ጭምር?

በምርመራው ካቴናው ከአምራቹ ገደብ በላይ ረዝሞ ከተገኘ ወይም መሪዎቹ በጥልቀት ከተቦረቦሩ አዲስ ማወጠሪያ ብቻ መግጠም ድምፁን ለጊዜው ሊያጠፋ ይችላል፤ አደጋውን ግን አያስወግድም። በዚህ ጊዜ ካቴናው፣ መሪዎቹና ማወጠሪያው በአንድነት ይለወጣሉ፤ ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶችም ይመረመራሉ። በዘይት ማጣሪያው ላይ የፕላስቲክ ወይም የላስቲክ ስብርባሪ መገኘቱ መሪው መበላቱን ያመለክታል።

በመፍታትና በመግጠም ወቅት

ማወጠሪያው የሚፈታው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞና ፒስተኑ በአምራቹ በተመለከተው ምልክት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ማወጠሪያው ወልቆ ባለበት ጊዜ ሞተሩን ማዞር ወይም ፔዳል መምታት ካቴናው ጥርስ እንዲዘል ሊያደርግ ይችላል። ራሱን የሚያስተካክል ማወጠሪያ ማሰሪያ ብሎኖቹ በከፊል እንኳ ከላሉ ጫፉ ወደፊት ስለሚወጣ፣ እንደነበረ መልሶ ማጥበቅ ካቴናውን ከመጠን በላይ ይወጥራል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ወልቆ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሶ እንደ አዲስ መገጠም አለበት። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ክራንክሻፍቱ በእጅ 2 ሙሉ ዙር ተዞሮ የታይሚንግ ምልክቶቹ መገጣጠማቸው ይረጋገጣል።

ማዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት

የላላ ካቴና ጥርስ ሲዘል ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ውጤቱም የተጣመመ ቫልቭ፣ የተጎዳ ፒስተን፣ አንዳንዴም የቴስታታ መለወጥ ይሆናል። ሞተሩ በጉዞ ላይ በድንገት መቆሙ የአሽከርካሪውንና የሌሎች መንገደኞችን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። በሞተር ሳይክሉ ለሚተዳደር ቤተሰብ ደግሞ ለጥገና ከሚወጣው ገንዘብ በተጨማሪ ሥራ የሚቆምባቸው ቀናት ገቢ ይታጣል።

ለባለንብረቶች የሚሰጥ ምክር

መለዋወጫ ሲገዛ የሞተሩ ሞዴል ተጠቅሶ አሮጌው ዕቃ ከአዲሱ ጋር ቢነጻጸር፣ ደረሰኝ ቢወሰድና የተለወጠው ዕቃ ከጥገና ቤቱ ቢጠየቅ ይመከራል። ጥገናው የተደረገበት ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ መመዝገቡም ለቀጣይ ውሳኔ ይረዳል። ለሁሉም ሞተር ሳይክሎች የሚያገለግል አንድ ወጥ የኪሎ ሜትር ገደብ ስለሌለ የመለወጫውን ጊዜ የሚወስኑት የአምራቹ መመሪያ፣ የድምፁ ቆይታና የምርመራው ውጤት ናቸው። ሞተሩ ሞቆም ድምፁ የማይጠፋ ከሆነ፣ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ሞተር ሳይክሉን ለረጅም ጉዞም ሆነ ለጭነት ሥራ አለማሰማራት ተገቢ ነው።