ችሎቱና አደባባዩ፦ የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ክስ በሕዝብ ዓይን

በመጋቢት 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በነፍስ ማጥፋትና በአመፅ የተፈረደባቸው ሰው ከሟቾቹ ጋር በአንድ ማዕድ የበሉ፣ በአንድ ቤተ መንግሥት እጅ የነሡ ነበሩ። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ሲሆኑ ትውልዳቸው ከሞጃ ባላባት ወገን ነው። ከተገደሉት አንዱ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ክቡር ዘበኛን ከመንግሥቱ በፊት ያዘዙ ሰው ነበሩ። ከሌሎቹ ሟቾች ራስ አበበ አረጋይ በአርበኝነት ዘመን ስማቸው የገነነ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ፣ መኮንን ሀብተወልድ ደግሞ ንጉሡ ከሚያምኗቸው ሚኒስትሮች ቀደምቱ ነበሩ። ታላላቅ ቤቶች እርስ በርስ የተላለቁበት ጉዳይ በመሆኑ ተራው ሰው በመጀመሪያ የየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ተቸግሮ ነበር።

የሆነው ብዙ ጊዜ ስለተተረከ በአጭሩ ልለፈው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብራዚልን ሲጎበኙ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ ጄኔራሉና ታናሽ ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥቱን ሊገለብጡ ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን ሰብስበው ያዙ። ግርማሜ አሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ናቸው። የወላይታ ገዥ በነበሩበት ጊዜ መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ሰጥተው፣ የባላባቱ አቤቱታ በርትቶባቸው ወደ ጅጅጋ ተዛውረዋል። የጦር ሠራዊቱና የአየር ኃይሉ ለንጉሡ ቆሙ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ አመፀኞቹን አወገዙ። ታኅሣሥ 7 ቀን ሽንፈቱ ሲታወቅ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በታጋቾቹ ላይ ተኩስ ተከፈተ። 15 ሰዎች ሞቱ።

በማግስቱ ንጉሡ ሲመለሱ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ በእልልታ ተቀበላቸው። ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው በዚያው ከተማ ሰልፍ ወጥተዋል። ሁለቱንም እውነት ብዬ እቀበላለሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ «ሕዝቡ እንዲህ አለ» የሚል ጸሐፊ ግማሹን ሕዝብ ይደብቅብናል። ከዚህም ሌላ በሩን ዘግቶ ተኩሱ እስኪበርድ የጠበቀ ብዙ ሰው ነበር፤ የእርሱን ስሜት ማንም አልመዘገበውም።

ወንድማማቾቹ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞጆ አቅራቢያ ተገኙ። ግርማሜ ሞተው፣ መንግሥቱ አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ ቆስለው። የግርማሜ ሬሳ አዲስ አበባ መጥቶ ሕዝብ እንዲያየው ተሰቀለ። ጄኔራሉ ግን ሐኪም ቤት ገብተው ታከሙ፤ መንግሥት በሕግ ፊት ሊያቆማቸው ፈልጓልና። አገሪቱ አዲሱን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካወጀች ገና አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። በአንድ ትልቅ ሰው ላይ በግልጽ ችሎት ሲሠራበት ማየት ለብዙው ሰው አዲስ ነገር ነበር።

ችሎቱ የጠየቀው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ እነዚህ ሰዎች በማን ትእዛዝ ሞቱ? መንግሥት ለምን ተነካ? ለእነዚህ መልስ አላጣም። ጄኔራሉ ግን ንግግራቸውን ከዚያ አሻግረው ስለ አገሪቱ ድህነትና ወደ ኋላ መቅረት ተናገሩ። መጋቢት 19 ቀን የሞት ፍርድ ሲነበብላቸው ይግባኝ አልጠየቁም፤ ምሕረትም አልለመኑም። የሕዝቡ አስተያየት የዞረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ታኅሣሥ ላይ «ከሃዲ» ያለው አፍ መጋቢት ላይ «ወንድ» ማለት ጀመረ። ሞትን ሳይለማመጥ የሚቀበል ሰው በአገራችን ክብር አለው፤ ክብሩ ግን የገደሉትን ሰዎች ነገር ሸፈነው። የሙሉጌታ ቡሊንና የመኮንን ሀብተወልድን ቤተሰብ ለቅሶ ያስታወሰ ጥቂት ነው።

መጋቢት 21 ቀን ማለዳ ጄኔራሉ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። ቦታው የመርካቶ አፋፍ ነው። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ወደዚያ ካዞረው ወዲህ ከሰባት ቤት፣ ከክስታኔ፣ ከመስቃን የመጣ ጉራጌ ሸክም ተሸክሞ፣ ሊስትሮ ሆኖ፣ በኋላም ሱቅ ከፍቶ የኖረበት ሰፈር ነው። ለመስቀል በዓል ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚገባው ይኸው ሰው ነው፤ የስቅላቱም ወሬ አገር ቤት የደረሰው በእርሱ አፍ እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ያ ሰው ያደገው ስለ ነፍስ ግድያ ሌላ ሕግ ሲሰማ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ የጆካ፣ ሕጉም ቂጫ ይባላል፤ ከቡታጅራ በስተሰሜን ያሉት ክስታኔዎች ደግሞ ጎርደና ሴራ አላቸው። በቂጫ ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ገዳዩ ከአካባቢው ይሸሻል፣ ወገኖቹ ሽማግሌ ይልካሉ፣ የደም ካሳው በጎሳው ሁሉ ላይ ይወድቃል። ስቅላት የለም፣ ወህኒ የለም፤ ትልቁ ቅጣት ከማኅበር መገለል ነው። የባለጠጋ ልጅ ቢገድል የባለጠጋው ቤት ከነዘመዱ ሜዳ ላይ ወጥቶ፣ የሟች ወገን እየሰማ ይናገራል። ሥርዓቱን ቅዱስ አላደርገውም፤ ሴቶች በሸንጎው አይቀመጡም ነበር፣ ፉጋ የሚባሉት የተገለሉ የእጅ ሙያተኞችም እንዲሁ። ቢሆንም የገዳዩ ቤትና የሟቹ ቤት ነገ በአንድ ገበያ እንደሚገናኙ አስቦ የሚፈርድ ሕግ ነው። የመጋቢቱ ፍርድ ይህን አላሰበም። ማንም ከማንም ጋር አልታረቀም፤ ሕዝቡም እንዲያይ እንጂ እንዲናገር አልተጠራም።

ስለዚህ ሕዝቡ ንግግሩን ሌላ ቦታ አደረገው። ንጉሡ ደም የፈሰሰበትን ገነተ ልዑልን ለትምህርት ሰጡ፤ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተከፈተ። ቀጥሎ በዚያ ግቢ ያደገው የተማሪ ትውልድ ወንድማማቾቹን የራሱ ቀዳሚዎች አድርጎ ቆጠራቸው፤ የመሬት ጥያቄያቸውንም ወርሶ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ከጥያቄው ጋር ግን በታጋች ላይ መተኮስ እንደ አብዮት ሥራ መታየቱ አብሮ ተወረሰ። ይህን የምለው ያንን ትውልድ ለመክሰስ አይደለም፤ የ15ቱን ሰዎች ሞት እንደ ግድያ የሚያነሣ ድምፅ በመካከሉ አለመሰማቱ ዋጋ አስከፍሏል ለማለት ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ንጉሡን ያወረደው የወታደሮች ቡድን፣ ደርግ፣ ወደ 60 የሚጠጉ የዘውዱን ሹማምንትና የጦር መኮንኖች በአዲስ አበባ ወህኒ ቤት ረሸነ። ወንድማቸው መኮንን ሀብተወልድ በአረንጓዴው ሳሎን የሞቱባቸው ሁለት ሰዎች፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉና አካለ ወርቅ፣ ከመካከላቸው ነበሩ። የወንድማቸው ገዳይ ተብለው የተከሰሱት ጄኔራል መንግሥቱ ክሳቸው ተነቦላቸው፣ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ፍርዱን በጆሯቸው ሰምተው ነው የሞቱት። ለአክሊሉና ለአካለ ወርቅ ግን ክስ የሚያነብ ዳኛ አልነበረም።