አዲስ አበባን በዕድሜ የሚበልጥ ቤት

ከመሀል ሲያትል ወደ ካፒቶል ሂል ሲወጣ፣ በኢስት ዴኒ መንገድና በቤልሞንት ጎዳና ማዕዘን ላይ አንድ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ቤት ይታያል። ብዙ ወገኖቻችን በየዕለቱ በአጠገቡ ያልፋሉ። የዋርድ ቤት ይባላል፤ ጆርጅ ዋርድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1882 አሠራው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1886 ስለሆነ፣ ቤቱ ከመዲናችን በአራት ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዋሽንግተን ገና ክፍለ ግዛት አልሆነችም፤ በ1880 በተደረገው ቆጠራ የሲያትል ሕዝብ 3,533 ብቻ ነበር።

የዘመኑ ቤቶች «ቪክቶሪያን» ይባላሉ። ስሙ ከ1837 እስከ 1901 እንግሊዝን ከገዙት ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላቸው፣ ልዑል ዓለማየሁም በአገራቸው ያረፈው እኚሁ ንግሥት ናቸው። አሜሪካ በእርሳቸው ባትገዛም የቤት አሠራሩ ስማቸውን ይዞ ተሻገረ። አሠራሩ ብዙ ዓይነት አለው። አንዱ «ኩዊን አን» ሲሆን፣ የሲያትሉ ኩዊን አን ሰፈር የተሰየመው በዚሁ ነው።

የዋርድ ቤት ግን «ኢታሊያኔት» ከሚባለው ወገን ነው። መነሻው የጣሊያን ገጠር ቤቶች ናቸው። ረጃጅምና ጠባብ መስኮቶች፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የተደረደሩ ጌጠኛ ድጋፎች መለያዎቹ ናቸው። ጣሊያኖች በድንጋይ የሠሩትን ሲያትሎች በእንጨት ሠሩት፤ ጫካው በደጃቸው፣ የሄንሪ የስለር የእንጨት መሰንጠቂያም ከ1853 ጀምሮ በመካከላቸው ነበርና። የስለር ጎዳና የተሰየመው በዚሁ ሰው ነው።

ሰኔ 6 ቀን 1889 እሳት የሲያትልን የንግድ ማዕከል በላው። የዋርድ ቤት ከዳገቱ ላይ በቦረን ጎዳና ስለነበር ተረፈ። የባሰው አደጋ የመጣው ከተማው ካደገ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ሊፈርስ ሲል ሊያድኑት የተነሡ ሰዎች ተገኙ። በ1986 ከመሠረቱ ተነሥቶ፣ በመንገድ ተጉዞ፣ ዛሬ ያለበት ቦታ ላይ ተተከለ። የእንጨት ቤት መሆኑ ጠቀመው።

የአዲስ አበባ የጭቃና የድንጋይ ቤቶች እንዲህ ተነሥተው አይሄዱም። በ2024 በፒያሳ በርካታ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የብዙ ቤተሰብ ትዝታ አብሮ ፈርሷል። በሲያትልም ወገኖቻችን በጃክሰንና በቼሪ ጎዳናዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሕንፃውን ማዳን ባይቻል እንኳ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ፣ ፎቶግራፉንም ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን ሌላ ሰው አይሠራልንም።