የጎቶች መጽሐፍ ቅዱስና ቪልሄልም ሽትራይትበርግ

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክ ወደ ጎቶች ቋንቋ ሲተረጉም አስቀድሞ ፊደል መቅረጽ ነበረበት። ዛሬ ጎትኛ የሚናገር ሕዝብ የለም፤ ከትርጉሙም የተረፈው ከፊሉ ብቻ ነው። ከቅጂዎቹ ዋነኛው በስዊድን ኡፕሳላ ይገኛል፤ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ የወንጌል መጽሐፍ ሲሆን ብዙ ቅጠሎቹ ጎድለዋል። ይህን ቅሪት አሰናድተው ለተማሪዎች ካቀረቡት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሽትራይትበርግ (1864–1925 እ.ኤ.አ.) ነው።

ሽትራይትበርግ በላይፕሲግ የተማረ የታሪካዊ ሥነ ልሳን ሊቅ ነበር። በስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ፣ ከዚያም በሙንስተር፣ በሙኒክና በላይፕሲግ አስተምሯል። በ1896 ያሳተመው ሰዋስው የጀርመንኛ፣ የእንግሊዝኛና የስዊድንኛ እናት የሆነውን፣ ጽሑፍ ያልተወልንን ጥንታዊ ቋንቋ በድምፆች ለውጥ ሕግ መልሶ ለማዋቀር የሞከረ ነው።

ይህ ሙያ ለቃሉ አገልጋይ ምን ይረባዋል? ዉልፊላ «መስቀል» ለማለት «ጋልጋ» የሚል ቃል መርጧል። የዚህ ቃል ዘመዶች በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ዛሬም ወንጀለኛ የሚሰቀልበትን እንጨት ያመለክታሉ። ስለዚህ መስቀሉ ሲሰበክላቸው ጎቶቹ የሰሙት የሞት ፍርድ ማስፈጸሚያ ስም ነበር።

በ1908 የጎቶችን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያሳትም ግን ሽትራይትበርግ አንድ እርምጃ ጨመረ። ከጎትኛው ትይዩ፣ ዉልፊላ ይዞት ነበር ብሎ የገመተውን የግሪክ ጽሑፍ አተመ። ለአንባቢ ምቹ ነው። ሆኖም ያ ግሪክ ከተለያዩ ምስክሮች የተቀናበረ እንጂ ከአንድ ጥንታዊ ቅጂ እንዳለ የተወሰደ አይደለም። ተርጓሚው ራሱ ቃል የለወጠበትን ቦታ ከምንጩ ልዩነት ለመለየትም ያስቸግራል። ኋላ የመጡ ሊቃውንት የተቹት በዚህ ነው። በእትሙ የማርቆስ ወንጌል 16፥12 ላይ ይቋረጥ ነበር፤ ቀሪዎቹን ጥቅሶች የሰጠን በ1970 በጀርመን ሽፓየር ካቴድራል የተገኘ አንድ ቅጠል ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። የግዕዙ አዲስ ኪዳን ከግሪክ የተመለሰ ነው፤ በሴሚናሪ የምንማርበት የግሪክ አዲስ ኪዳንም አዘጋጆች ቅጂዎችን መዝነው ያሰናዱት ነው። እንግዲህ በመድረክ ላይ «ግሪኩ እንዲህ ይላል» ከማለታችን በፊት የገጹን ግርጌ እንመልከት። ቅጂዎች የሚስማሙበትን በድፍረት፣ የሚለያዩበትን በጥንቃቄ እናስተምር። ለቃሉ ያለን አክብሮት የተጻፈውን ከተገመተው ለይተን በመናገራችንም ይታያል።